ከመብቴ ጋር የታሰርኩ ዕለት

ሾፌሮች «አንቀጽ» ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም መንጃ ፈቃዴ ላይ ካላነበበው በቀር የሚያውቅ ሾፌር ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን የለም። ቅጽል ስሙ የወጣልኝ በአንድ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ያኔ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሥልጠና የሌለበት ሳምንት አልነበረም፤ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ይሠለጥናል፣ አስተማሪው ስለ ግምገማ ይሠለጥናል፣ እኛም ሾፌሮች ተራችን ደርሶ ስለ መብትና ግዴታችን ሠለጠንን። ሌላው ለስላሳውን ጠጥቶ፣ ለአበሉ ፈርሞ ለመውጣት ሰዓቱን ሲያይ እኔ ደብተር ገዝቼ ነበር የገባሁት። የሕግ ባለሙያው ስለ መብት ሲያብራራ ሁለት ገጽ ተኩል ሞላሁ። ወደ ግዴታው ሊገባ ሲል ምሳ ደረሰ።

በዚያች ሁለት ገጽ ተኩል ዝናዬ ናኘ። ትራፊክ ያስቆመው ሾፌር ሁሉ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል። «አንቀጽ፣ መንጃ ፈቃዴን ወሰደብኝ፤ ምን ልበለው?» «የክስ ወረቀት ሳይሰጥህ እንዳትንቀሳቀስ!» «አንቀጽ፣ ጣቢያ እንሂድ እያለኝ ነው።» «ምክንያቱን በሚገባህ ቋንቋ ይንገርህ!» ሾፌሩም ትራፊኩም ሲወለዱ ጀምሮ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ቢሆንም መብት ሲጠየቅ ደስ ይላል።

ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ አይደለም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ያጠፋ ዕለት ከማያውቀው ይልቅ ርቆ እንደሚወድቅ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ዛፍ ላይ ያልወጣ ከዛፍ አይወድቅም።

የምነዳት መኪና ኢሱዙ ነበረች፤ የአንድ የእህል ነጋዴ ንብረት። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። በዚያ ዓመት አስካለ አኩርፋ አባቷ ቤት ከገባች ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ የእኔ ነው፤ በዚህ ላይ ይግባኝ የለኝም። አንድ የገበያ ቀን ይዣት ወጣሁ። እሷ ቅመም ስትገዛ እኔ አረቄ ቤት ገባሁ። ስወጣ የሰው በግ ጫንኩ፣ የሰው ገብስ ጫንኩ፣ የጎረቤቴን አሮጌ አልጋ ሳይቀር ጫንኩ፤ ሚስቴን ግን ገበያው መሐል ትቻት ነዳሁ። ቤት ደርሼም አልታወቀኝ። ጎረቤቴ «አስካለስ?» ብትለኝ «ከኋላ ናት፤ በጎቹን ይዛለች» አልኩ። በጎቹ ወረዱ፤ አስካለ አልወረደችም። በረዶ ሲወርድባት ቆይታ ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ ወደ አባቷ ሄዳለች። «በግ ቆጥሮ ሚስቱን ካልቆጠረ ሰው ጋር አልኖርም» አለች አሉ። ምን ይመለስላታል?

ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። በሦስተኛው አባቷ ጋሽ አጎናፍር እሺ አሉ። ጋሽ አጎናፍር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰው ናቸው። ነገር ግን በዚያ አካባቢ በሬ ሲሸጥ፣ መሬት ሲካፈሉ፣ የተጣላ ሲታረቅ ዋስ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። «አጎናፍር ብሏል» ከተባለ የሚጨምር ሰው የለም። በዕርቁ ዕለት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በነፍስ አባታቸውና በሽማግሎቹ ፊት አስቆሙኝና «አረቄ ዳግመኛ ከንፈሬን አይነካም» ብዬ እንድምል አደረጉኝ። ማልኩ። እሳቸውም ብድግ ብለው «እኔ ዋሱ ነኝ» አሉ። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ነገር አሁንም አልረሳውም፤ እምነት አልነበረም፤ ለማመን ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ዓይን ነበር።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። ጠላው እኔን እየዘለለ ዞረ። እኔ ጎማ ልይ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ስወጣ ጎማ ለማየት ብቻ ነበር። ከገብሱ ክምር ጀርባ የአስካለ አጎት ጠርሙስና መለኪያ ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«ና እስቲ አንተ፤ የዕርቅ ደስታ በደረቅ ጉሮሮ ይታለፋል?»

«ምያለሁ እኮ ጋሼ።»

«እሱማ ምለሃል። ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከነገ?»

ይኼኔ ነው የሠለጠንኩት የጎዳኝ። ሕግ ሁሉ የሚጸናበት ቀን አለው፤ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይወጣ አይጸናም። መሐላዬ የሚጸናበት ቀን አልተነገረም። ከነገ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሁለት መለኪያ ቀመስኩ። ከዚያም ከጓሮው ነጭ ሽንኩርት ነቅዬ እንደ ቆሎ በላሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ መሪው ላይ፣ አስካለ መሐል፣ ጋሽ አጎናፍር ወዲያኛው በር ጥግ። ልጃቸውን በእጃቸው አድርሰው ቤቷ ሊያስገቡ ነበር አብረውን የወጡት። እሳቸው በዕርቁ ላይ በወጉ ጠላውንም አረቄውንም ጠጥተዋል፤ ስለዚህ ጋቢናው ውስጥ ያለው ሽታ ባለቤት ነበረው። ይህ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግራችሁ አልችልም። በመስኮቱ ገብስ ይታያል፣ በጎች ይታያሉ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አስካለ ትከሻዋን ከትከሻዬ አላራቀችም። ዓለም ተስማማኝ። ፍጥነቴም ተስማማኝ።

አንዲት ትንሽ ከተማ አልፈን ከመታጠፊያው ስንደርስ አህያ ገብስ ተጭና መንገዱ መሐል ቆማለች። ባለቤትየዋ፣ አንዲት እናት፣ ልጓሟን ይዛ ትጎትታለች። ያየኋቸው ከሚገባው ዘግይቼ ነው። ፍሬን ረገጥኩ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ጋሽ አጎናፍር «ኧረ በገብርኤል!» አሉ፤ መኪናዋ የአህያዋን ጭነት በክንድ ርቀት ታካ አለፈች። ሴትየዋ ጮኸች። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «አህያሽን ጥግ አስይዢ!» አልኳት። አቤት ድፍረት!

ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሁሉንም አይቷል። ተነሣ፣ እጁን ዘረጋ።

ቀጭን ነው፣ ወጣት ነው፣ ለብርዱ ረጅም ካፖርት ደርቧል። ማዕረጉ ሳጅን መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። «ጤና ይስጥልኝ። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ» አለ። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ አቀበልኩት። አፍንጫው ወደ ክፍተቱ ቀረበ።

«አረቄ ይሸታል።»

«እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ አጎናፍር፣ ስማቸው እንደተጠራ ሁሉ። «የምሸተው እኔ ነኝ። ልጄን ሳስታርቅ ጠጥቻለሁ። ጥፋት አለው?»

«ጥፋት የለውም አባቴ። ሾፌሩ ይውረድልኝ።»

ወረድኩ። የመንዝን ነፋስ የማያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይወቀው፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይገፋል። ሳጅኑ «እፍ በልብኝ» አለ። እፍ አልኩ። ትንፋሼን ገና ከአፌ ሳይወጣ ነፋሱ ወደ ጊሼ አገር ወሰደው። «ወዲህ ዙር።» ዞርኩ። አሁን ነፋሱ ከጀርባዬ ሆነና ነጭ ሽንኩርቱን በሙሉ ፊቱ ላይ ደፋው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት የሚበላ ሾፌር ሁለት ዓይነት ነው» አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ወይ ጉንፋን የያዘው ነው፣ ወይ የሚደብቀው ያለው።»

ዘወር ስል አስካለ በመስኮቱ ታየኛለች፤ አባቷም አንገታቸውን አስግገዋል። አንድ ቃል ካመለጠኝ የሚሄደው መንጃ ፈቃዴ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ወር ሽምግልና፣ የጠዋቱ መሐላ፣ የሽማግሌው ዋስትና፣ ያቺ ቀና ያለች ዓይን፣ ሁሉም ነው። ስለዚህ ደብተሬን በሐሳቤ ገለጥኩ።

«በመጀመሪያ ያስቆምከኝን ምክንያት የማወቅ መብት አለኝ።»

«አህያዋን ልትገጭ ነበር።»

«ልትገጭ ነበር የሚባል ክስ የለም። ገጭቻለሁ?»

«አልገጨህም።»

«ሁለተኛ፣ ማንነትህን ማወቅ አለብኝ። ስምህና መለያ ቁጥርህ አይታየኝም።»

ሳጅኑ አንድ ጊዜ አየኝና ካፖርቱን በዚያ ነፋስ ውስጥ ፈታ አድርጎ ደረቱን አሳየኝ። አነበብኩ። እየተንቀጠቀጠ መልሶ ቆለፈው። ጋሽ አጎናፍር ከጋቢናው ሆነው «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ልጃቸውን ለሕግ ሰው የዳሩ መስሏቸዋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን ጠጣህ?» አለኝ።

«በራሴ ላይ እንድመሰክር አልገደድም።»

«አልጠጣሁም በለውና እንሂድ እንጂ ልጄ!» አሉ ጋሽ አጎናፍር። «ምን ታስረዝመዋለህ?»

ይኸው ችግሩ። «አልጠጣሁም» ማለት አልቻልኩም። ጠዋት አንድ መሐላ አፍርሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ ላይ ውሸት መደረብ አቃተኝ። ዝም ማለት ግን መብት ነው። መብት ደግሞ ውሸት አይደለም፤ የውሸት የአጎት ልጅ ቢሆን ነው። «ጋሼ፣ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም» አልኳቸው። «የሾፌሮች ሁሉ መብት ነው።» የአስካለ ዓይኖች ከፊቴ አልተነሡም።

ሳጅኑ በጫማው ጫፍ ጠጠሩ ላይ መስመር አሰመረ። «በዚህ ላይ ሂድ።»

«በዚህ ነፋስ? ያልጠጣ ሰው ቀጥ ብሎ መሄዱን ለማወቅ በመጀመሪያ ያልጠጣ ሰው ይሂድበት።»

ሳጅኑ ትዕግሥት የተሰጠው ሰው ነበር፤ ራሱ ሄደበት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነፋሱ ካፖርቱን እንደ ሸራ ነፍቶ ከመስመሩ አወጣው። ጋሽ አጎናፍር ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የሳቅሁት በጉሮሮዬ ነው እንጂ ከሆዴ አልነበረም።

«በአፍ ጠረንና በአረማመድ ሰው አይከሰስም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ ሳይቀር አማረኝ። «መሣሪያ ካለህ ለካኝ። ከሌለህ የሕክምና ባለሙያ ይየኝ።»

«መሣሪያ የለኝም። እሺ፣ ካለፋችኋት ከተማ ጤና ጣቢያ አለ። መኪናህን አዙርና እንሂድ።»

እዚህ ላይ፣ አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ትልቁን ክርክር አደረግሁ። «እኔ ነኝ የማዞረው?» አልኩት። «ጠጥተሃል እያልከኝ ንዳ ካልከኝ ሕግ ያፈረስከው አንተ ነህ። ንዳ ስትለኝ ደግሞ አልጠጣም ብለህ መስክረህልኛል። የቱን ልያዝ?»

ሳጅኑ ወደ ኢሱዙዋ አየ፤ እሱ መንዳት አይችልም። ወደ መንገዱ አየ፤ የሚመጣ መኪና የለም። ጋሽ አጎናፍር በሩን ከፍተው ወረዱና «ልጄ፣ አንተ ለካ ዳኛ ነህ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ያ ምት አሁንም ያመኛል። እሳቸው ሲያመሰግኑኝ የጠጣሁትን መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት መለኪያ ነበር ያልኳችሁ? ሁለት ብያችሁ ነበር። ሦስት ነው።

ልንሄድ ነው አልኩ በሆዴ። ሳጅኑ መንጃ ፈቃዴን ሊመልስልኝ እጁን አንሥቷል። ይኼኔ አስካለ ከጋቢናው ወረደች። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበችና «በእግር እንሂድ» አለች። «ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ለምን? ጨርሰናል እኮ» አልኳት።

«ንጹሕ መሆንህ ይጻፍልህ። እስከ ዛሬ ያልጠጣህበት ቀን ተጽፎልህ አያውቅም።»

ጋሽ አጎናፍር «ልክ ናት! በወረቀት ይሁን!» አሉ። ሳጅኑ መንጃ ፈቃዴን ወደ ኪሱ መለሰው።

አራታችን በእግር ወደ ኋላ ተጓዝን። መኪናዋን ጥግ አስይዤ ቆልፌያታለሁ። ከፊት ሳጅኑና ጋሽ አጎናፍር፣ ከኋላ እኔና አስካለ። የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ አረቄ በጊዜ ብዛት ከደም ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ዘገየሁ። ጫማዬን አሰርኩ። ያሰርኩትን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ጠጠር ገባብኝ ብዬ አወለቅሁ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ይባስ ብለው ይፈጥናሉ፤ የወረቀቱ ነገር ጉልበት ሆኗቸዋል። ለሳጅኑ ስለ እኔ ሲነግሩት ነፋሱ ቃል በቃል ያመጣልኛል። «እኔ እኮ ዋስ ሆኜለታለሁ። አጎናፍር ለማይረባ ሰው ዋስ ሆኖ አያውቅም። ጠይቅ፤ ማንንም ጠይቅ።»

«ስንት ጊዜ ነው ጫማህን የምታስረው?» አለችኝ አስካለ ቀስ ብላ።

«ክሩ አርጅቷል።»

«እም» አለች። «እም» ከምትል ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

መንገድ ላይ ያቺን ባለ አህያ ሴት አገኘናት፤ ወደ ከተማዋ እየሄደች ነው። እኔን አላወቀችኝም፤ በእግሬ ነኛ። «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ሁላችንም እጅ ነሣን። «አንድ እብድ መኪና ዛሬ ሊጨርሰን ነበር» አለች ለአስካለ። «አህያዬ እስካሁን ትንቀጠቀጣለች፤ እዩዋት።» አየናት። እውነት ትንቀጠቀጣለች። ሳጅኑ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ጫማዬን አላሰርኩም። ከዚያ በኋላ ጫማዬን ማሰር አልቻልኩም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘናት ሲስተር ተረኛ ነበረች። ጉዳዩን ሰማች፣ ዓይኔን በባትሪ አየች፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ እንድተነፍስ አዘዘችኝ። ተነፈስኩ። ፊቷን አዞረች።

«ሳጅን፣ የአልኮል መለኪያ የለንም» አለች። «ዓይኑ ቀልቷል፤ ነፋስም ያቀላል። ልቡ ይመታል፤ ፖሊስ የያዘው ሰው ልብ ይመታል። ከዚህ ሌላ በእርግጠኝነት መጻፍ የምችለው ነጭ ሽንኩርት መብላቱን ነው።»

ሳጅኑ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። ደክሞታል። ቢፈልግ ኖሮ «ሰክሮ ያዝኩት» ብሎ ጽፎ ይገላገል ነበር፤ ማን ይጠይቀዋል? «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አለ። «ነገር ግን ማረጋገጥ ያልቻልኩትን አልጽፍም። ሕጉ ካንተ ጋር ነው።» ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ አብረውት ነበሩ?»

«ከጠዋት ጀምሮ! ከቤቴ ነው የወጣው።»

«ሲጠጣ አላዩም?»

«እንዴት ይጠጣል? በነፍስ አባቴ ፊት ምሏል እኮ!»

«እንግዲያው ይህንኑ ቃል ልጻፍና ይፈርሙበት። ፋይሉ ይዘጋል፤ ትሄዳላችሁ።»

ጻፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፤ «ከጠዋት ጀምሮ አብሬው የነበርኩ ሲሆን ምንም ዓይነት መጠጥ እንዳልጠጣ በስሜ አረጋግጣለሁ» ይላል። ጋሽ አጎናፍር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ገባኝ፤ ለእሳቸው ወረቀቱም መሐላ ነው። ሲስተር የቀለም መርገጫውን አቀረበችላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ጫኑት። ያ ጣት ወፍራም ነው፣ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ለስንት በሬና ለስንት ሙሽራ ዋስ ሆኖ ያለፈ ጣት ነው። አነሡት። ወደ ወረቀቱ መጣ።

አሸንፌ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ በሁሉም አንቀጽ አሸንፌ ነበር። አፌን ዘግቼ አንድ ጊዜ መተንፈስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ጋሼ፣ ተዉት» አልኩ።

ጣታቸው በአየር ላይ ቆመ።

«ጠ-ጠጥቻለሁ።»

ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ሳጅኑ ቀና አለ። «ስንት?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

«አምስት መለኪያ። ከክምሩ ጀርባ። ከመሐላው በኋላ።»

ሁለት ብያችሁ፣ ሦስት ብያችሁ የነበረው እሱ ነው። አምስት ነው። ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ አይጨምርም።

ጋሽ አጎናፍር ጣታቸውን አዩት። ቀለሙን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አልለቅ አላቸው፤ ደጋግመው ጠረጉት። እኔን ሳያዩ ነው የተናገሩት። «ጣቴን አትርፈህልኛል። ይህን እቆጥርልሃለሁ» አሉ። «ሌላውን ግን እኔ አላውቅም። የልጄ ነው።»

ወደ አስካለ ዞርኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት» አለች። «ሽታህን አይደለም። እውነት ስትናገር እኮ ትንተባተባለህ። ስታገባኝ ለአባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስንት ጊዜ ነው የተሰናከልከው? ዛሬ እንደ ውኃ ስትፈስ ‹ይሄ ሰው ጠጥቷል› አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ራስህ ትለው እንደሆነ ብዬ ነዋ! የአባቴ ጣት ወረቀቱን ሊነካ ሲል እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ቀደምከኝ።»

በአንድ ትንፋሽ። ብዙ ጊዜ ሌሊት እየነቃሁ አስበዋለሁ፤ እሷ ብትቀድመኝ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ወግ አይኖረኝም ነበር።

ሳጅኑ ተነሣና ኮፍያውን አደረገ። የተያዝኩበትን ምክንያት ነገረኝ። የምናገረው ነገር ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብብኝ እንደሚችል፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንደምቀርብ፣ ጠበቃ ማማከር እንደምችል ነገረኝ። የእኔን ሁለት ገጽ ተኩል በሁለት ደቂቃ ጨረሰው፤ አንዲት አልሳተም። ከዚያ ግዴታዬንም ነገረኝ። እሱ ሥልጠናው ላይ ምሳ አልደረሰበትም ማለት ነው።

ሰኞ ዳኛ ፊት ቀረብኩ። «ጠበቃ ትፈልጋለህ?» ሲሉኝ ችሎት ውስጥ የነበሩት ሾፌሮች አጉረመረሙ፤ አንቀጽ ሊከራከር ነው ብለው ሥራ ፈትተው የመጡ ናቸው። «ጥፋተኛ ነኝ» ስል አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ተቀጣሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ለወራት ታገደ። ነጋዴው መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጣት፤ እኔንም በዚያችው ኢሱዙ ላይ ጆንያ ጫኝ አደረገኝ። ከኋላ፣ ከበጎቹ ጋር ነበር የምሳፈረው። የበጎቹን ሁኔታ ከዚያ በፊት በዚያ ቅርበት አላየሁትም ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከሰኞ በፊት የነበረውን እሑድ ነው። ቅዳሜ ማታ ጋሽ አጎናፍርና አስካለ ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል፤ ሲሄዱ አንዳቸውም ዞረው አላዩኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የታሰርኩበት ጣቢያ ፖሊስ «ጠያቂ አለህ» አለኝ። ማን ይጠይቀኛል ብዬ ወጣሁ። አስካለ ናት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች። በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን በአጥሩ በኩል አቀበለችኝ። ፈታሁት፤ ሽሮ ነው፣ ገና አልቀዘቀዘም፤ በጋቢ ጠቅልላ ነው ያመጣችው።

«ለ-ለእኔ ነው ያመጣሽው?» አልኳት። ተንተባተብኩ።

«ለአንተ አይደለም» አለች ወደ መንገዱ እያየች። «የታሰረ ጠይቁ ይላል። ለታሰረ ሰው ነው።»

«እሺ» አልኩ።

«ሳህኑ የአባቴ ነው። ይዤው መመለስ አለብኝ።»

ይህን ብላ ከአጥሩ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ በልቼ አላውቅም።